ዱቄት የቆፈረችው ጉድጓድ

የፍልሰታ ጾም በገባ በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ ገና ሳያባራ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ስከፍት ጎረቤቴ እማማ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ከሰላምታቸው ቀድሞ የሚመጣው ፈገግታ ያን ቀን አልነበረም። «ልጄ፣ እስቲ አንዴ ነይና እይልኝ» አሉና ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ፊታቸውን አዞሩ። ተከተልኳቸው።

የእኛና የእሳቸው ግቢ በሚዋሰንበት የቆርቆሮ አጥር ሥር ሁለት መደብ ጎመን ነበራቸው። ሰኔ መግቢያ ላይ ችግኙን ሲያዛውሩ፣ ከዚያም ጎንበስ ብለው ሲኮተኩቱ በመስኮት አያቸው ነበር። ጾሙን ሊያሳልፉበት የተከሉት ጎመን ነው። አንደኛው መደብ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ቅጠሉ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል አግድም ተቀንጥቧል። አጠገቡ የሰው ክንድ የሚያስገባ ጉድጓድ አለ፤ ቀዩ አፈር ትኩስ ነው፣ ወደ ኋላ ተበትኗል። አፉ ላይ ሽምብራ የሚያካክል ክብ ክብ ፍግ ተዘርቷል። ከጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ ዱቄት፣ ነጯ ጥንቸላችን፣ ደረቷ ድረስ ጭቃ ለብሳ አፍንጫዋን እያርገበገበች ታየናለች።

«ጥንቸል ደግሞ መቼ ነው የሚቆፍረው?» አሉ እማማ። ያደጉት ገጠር ነው፤ ጥንቸል አሳምረው ያውቃሉ። በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ከቁጥቋጦ ሥር እየተፈናጠረ ሲያመልጣቸው የኖረው ጥንቸል ጉድጓድ የሚባል ነገር አልነበረውም።

ልክ ነበሩ። በአማርኛ ሁለት የተለያዩ እንስሳትን በአንድ ስም ነው የምንጠራው። በአገራችን ሜዳና ተራራ የሚሮጠው የዱር ጥንቸል ጆሮውም የኋላ እግሩም ረጅም ነው፤ ሣር መሃል ተጋድሞ ያድራል እንጂ ጉድጓድ አይሠራም። ግልገሎቹ ጸጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። በየቤቱ የምናረባት ለማዳዋ ጥንቸል ግን ዘሯ ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር የሚመዘዝ፣ መሬት ፈልፍላ በመንጋ የምትኖር ሌላ ፍጥረት ናት። ግልገሎቿ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ተጨፍኖ ነው የሚወለዱት፤ ለዚህ ነው ጉድጓድ የሚያስፈልጋት። የክሮሞሶማቸው ቁጥር እንኳ አይገጥምም፤ የዱሩ 48፣ የቤቷ 44 ነው። ስለዚህ መቆፈር የዱቄት ክፉ ዐመል አልነበረም። የተፈጠረችበትን ሥራ ነው የሠራችው። ያልሠራሁት እኔ ነበርኩ። ጥንቸል ሳሳድግ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ወር ሲቀረኝ፣ ይህን ሁሉ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

እማማ የቀረውን መደብ እያዩ «ይሄንንስ እንግዲህ ማን ይበላዋል?» አሉ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ ጥንቸል ከማይበሉት እንስሳት ወገን ናት። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ የተከለከለችው ታመሰኳለች፣ ሰኮናዋ ግን አልተሰነጠቀም ተብላ ነው። እሷ አፏን ያሳረፈችበትን ጎመን፣ ያውም በፍልሰታ፣ እማማ ድስት ውስጥ አይጨምሩትም። እኔ አንድ መደብ ጎመን የጠፋ መስሎኝ ነበር፤ የጠፋው ግን የጾሙ ማዕድ ነው።

ጥንቸሎቹ ቤታችን የመጡት በእንቁጣጣሽ ነው። አንድ ዘመዳችን ለሴቷ ልጄ በሙዝ ካርቶን ሁለት ይዞላት መጣ፤ አንዷ ነጭ፣ አንዷ ጥቁር። «ሁለቱም ሴት ናቸው፤ ካሮትና ዳቦ ይበላሉ፤ ምንም አያስቸግሩም» አለን። ልጄ ዱቄትና ጥላሸት ብላ ስም አወጣችላቸው። ከሦስቱ ምክሮች አንዱም እውነት አልነበረም።

ጥላሸት ወንድ ነበር። የጥንቸል ጾታ በሕፃንነቷ ለመለየት አስቸጋሪ ነው፤ ሻጮችም አሳዳጊዎችም ይሳሳታሉ። ጥር ላይ ዱቄት የደረቷንና የሆዷን ጸጉር በጥርሷ እየነጨች ጥግ ላይ ስታነጥፍ አየናት። ታማለች ብለን ተጨነቅን። በነጋታው ጸጉሩ ውስጥ ጣት የሚያካክሉ ሰባት ግልገሎች ይንቀሳቀሱ ነበር። እናትየው ቀኑን ሙሉ ዞር ብላ ስላላየቻቸው ጥላቸዋለች ብለን በጠብታ ወተት ልናጠጣቸው ተነሳን። ኋላ እንደተማርኩት ጥንቸል ግልገሎቿን የምታጠባው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አውሬ ጎጆዋን እንዳያገኝባት ሆን ብላ ትርቃለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ያኔ ያላወቅነው ነው። ሴቷ በወለደች ቀን እንደገና ማርገዝ ትችላለች፤ እርግዝናዋም 31 ቀን ገደማ ነው። ጥላሸትን ስላልለየነው በወሩ ስድስት ግልገል ተጨመረ። በሁለት የጀመርነው ቤት በየካቲት መጨረሻ 15 ጥንቸል ነበረው።

ያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድኩና ጥላሸትን አኮላሸነው። ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንኳ ለጥቂት ሳምንታት ከዱቄት ለይተን እንድናቆየው አስጠነቀቀን፤ የተኮላሸ ወንድ ወዲያው መካን አይሆንምና። አሥራ ሦስቱን ግልገሎች እስኪያድጉ ጠብቀን ለዘመድ አዝማድ አከፋፈልን። ይህን ስጽፍ ይቆጨኛል። እኔ ሳላውቅ የያዝኩትን እንስሳ ለማያውቁ ሰዎች፣ «ምንም አያስቸግሩም» ብዬ ነው የሰጠሁት።

እማማ ዘንድ የተመለስኩት በዚያው ቀን ከሰዓት ነው። ባዶ እጄን አልሄድኩም፤ ከገበያ ጎመን ገዝቼ፣ ቡና አስቆልቼ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸውም ጎመኑን ተቀብለው፣ ረከቦቱን አስቀርበው አስቀመጡኝ። ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነው የተናገሩት። «ልጄ፣ ጎመኑስ ይቅር። ሽታው ካስቸገረኝ ግን ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ነው። ዝንቡም እንደዚያው። ልጅሽ ስትደሰትባቸው እያየሁ ምን ብዬ ልናገር?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው። እኚህ ሴት ከሦስት ወር በላይ መስኮታቸውን ዘግተው ኖረዋል። በመሃል በዓል አሳልፈናል፣ ለቅሶ አብረን ደርሰናል፣ በእድር ስብሰባ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ይሉኝታ አስሯቸው ነበር። እኔ ደግሞ ዝምታቸውን ስምምነት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ጥንቸሏም እንደዚሁ ናት። ውሻ ያላዝናል፣ ድመት ትጮኻለች፣ በግ «ባ» ይላል። ጥንቸል ግን ሁሉም የሚያድናት እንስሳ ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች፤ የታመመች መሆኗ ከታወቀ ቀድማ የምትበላው እሷ ናት። ቆማ አፍንጫዋን እያርገበገበች፣ ምግቧን ሳትነካ፣ በማግስቱ ሞታ ትገኛለች። ስለዚህ ጥንቸል የሚያሳድግ ሰው በሁለት ዝምታ መካከል ነው የሚኖረው፤ ከአጥሩ ወዲህ አንዱ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሌላው። ሁለቱንም ሄዶ ካልጠየቀ የሚነግረው የለም።

ከእማማ ቤት ስመለስ የጥንቸሎቹን ቤት እንደ እንግዳ ሰው ሆኜ አየሁት። የጣውላ ሳጥን ነው፤ ወለሉ ሰጋቱራ ተነስንሶበታል። ክረምት ስለሆነ ሰጋቱራው ሽንት ጠጥቶ ጠቁሯል። ስጎነበስ ዓይኔን አቃጠለኝ። ያ የሚያቃጥለው አሞኒያ ነው፤ ከረጠበ ጉዝጓዝና ከሽንት ይነሳል። እማማን በመስኮት በኩል ያስቸገራቸውን ጥንቸሎቹ ሌት ተቀን በአፍንጫቸው ሥር ሲስቡት ከርመዋል። የጥንቸል ሳንባ ስስ ነው፤ እንዲህ ያለ አየር፣ የሰጋቱራው ብናኝ ሲጨመርበት፣ ለማያቋርጥ ማስነጠስና ለሳንባ ምች ያጋልጣታል። ዝንቡም እንዲሁ ነው። በክረምት ዝንብ ቆሻሻ በያዘው የጥንቸል ጸጉር ላይ እንቁላል ይጥላል፤ ትሎቹ ተፈልፍለው ቆዳዋን ይበላሉ። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊገድሏት ይችላሉ። ጎረቤቴን ያስመረረውና ጥንቸሌን የሚገድለው አንድ ነገር ነበር።

መፍትሔው ውድ አልነበረም። ጥንቸል ሽንቷን የምትሸናበትን ጥግ ራሷ ትመርጣለች፤ ድመት እንደምትለምደው ሁሉ እሷም ትለምዳለች። ያን ጥግ አይተን አሮጌ ሳፋ አስቀመጥንበት፣ ታችኛው ላይ ጭድ፣ በላዩ ድርቆሽ። ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ትወዳለችና ድርቆሹ እዚያው መሆኑ ይረዳል። ሳፋው በየቀኑ ይደፋል፤ ሲደርቅ ነጭ ሆኖ የሚጋግረው የሽንት ዝቃጭ በአቼቶ ሲታጠብ ይለቃል። ሰጋቱራውን ጨርሰን ተውነው። በሳምንቱ ሽታው ጠፋ። እማማ መስኮታቸውን ሲከፍቱ የሰማሁበት ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አጥሩ ላይ ግን ገንዘብ ወጣ። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ ጥንቸል በጥርሷ ትበጥሰዋለች፤ ጠንካራ የተበየደ የሽቦ መረብ ገዛን። ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረን ቀበርነው፤ የታችኛውን ጫፍ ደግሞ ወደ ጥንቸሎቹ በኩል አጠፍነው፤ አጥሩ ሥር መቆፈር ስትጀምር ጥፍሯ ሽቦው ላይ ያርፋል። ለሁለቱ የተውንላቸው ቦታ ሦስት ሜትር በሁለት ሜትር ነው። ጥንቸል ቢያንስ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መዝለል፣ በኋላ እግሯ ቀጥ ብላ መቆም መቻል አለባት፤ ቀኑን ሙሉ በሣጥን የምትዘጋ ጥንቸል ጡንቻዋም አጥንቷም ይደክማል። ጥግ ላይ አፈር የሞላ አሮጌ ጎማ አኖርንላቸው። ዱቄት አሁን የምትቆፍረው እሱን ነው። ከአጥሩ በላይ ጣራ አለ፤ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ጭልፊትም አለ። የሰፈር ውሻ ባይነክሳት እንኳ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮኽባት በድንጋጤ ልትሞት ትችላለች።

ስለ ምግቡ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ብዙ ጥንቸል ከሰው ፍቅር የተነሳ የሚሞተው በዚህ ነውና። እኛ ቤት ዳቦ፣ ፉርሽካ፣ የእንጀራ ፍርፋሪና ካሮት ነበር የሚሰጣቸው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን አያቆምም፤ የፊተኞቹ በሳምንት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋሉ። በዋናነት የሚሞርደው ሻካራ ሣር ነው። ዳቦ የምትበላ ጥንቸል ጥርሷ አድጎ ጉንጯንና ምላሷን ይወጋል፤ አፏን መክፈት አቅቷት ትራባለች። አንጀቷም እንዲሁ ያለ ማቋረጥ መንቀሳቀስ ያለበት፣ ቃጫ ካልገባበት የሚቆም ነው። ማስታወክ አትችልም። ግማሽ ቀን ያልበላችና ፍግ ያልጣለች ጥንቸል «ነገ ትሻላለች» የምትባል አይደለችም፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት።

አሁን ከምግባቸው አብዛኛው ድርቆሽ ነው፤ በየቀኑ የራሷን ቁመና የሚያህል ክምር። በክረምት ድርቆሽ ይወደዳል፣ ይሻግታልም፤ የሻገተ ደግሞ መርዝ ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ፣ የሱሉልታ ሜዳ ታጭዶ እስሩ ርካሽ በሆነበት ጊዜ፣ የዓመቱን ገዝተን ከመሬት ከፍ አድርገን እናስቀምጣለን። በዚያ ላይ አንድ እፍኝ ቅጠል፤ ሰላጣ፣ የካሮት ቅጠል፣ ድንብላል፣ በሶብላ። ካሮቱ ራሱ ስኳር ነው፤ እንደ ከረሜላ አልፎ አልፎ ቁራሽ ይበቃል። ሽንኩርት፣ አቮካዶና ቸኮሌት ፈጽሞ አይሰጥም።

ሌሊት ላይ ዱቄት ጎንበስ ብላ ከራሷ ሥር አንድ ነገር በአፏ ተቀብላ ስትበላ ልጄ አይታት ደንግጣ ነበር። ጤነኛ ጥንቸል ምግቧን ሁለት ጊዜ ታሳልፈዋለች፤ መጀመሪያ የሚወጣው ለስላሳና የተያያዘ ነው፤ ቫይታሚንና ፕሮቲን ስላለበት መልሳ ትበላዋለች። እንደ ላም አታመሰኳም፤ ግን አንዴ በልታ ያሳለፈችውን እንደገና ትውጠዋለች። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «አየሽ፣ መጽሐፉ ያለ ነገር አልተናገረም» አሉኝ።

መድኃኒትን በተመለከተ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ብዙዎቻችን ቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን አለ፤ ዶሮና ውሻ ሲታመም ከዚያው የሚሰጥ ሰው አይጠፋም። ለጥንቸል በአፍ የተሰጠ አሞክሲሲሊን አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድልና እሷንም ሊገድላት ይችላል። አታንሱ፣ አትስጡ። ሴቷን ማስመከን ደግሞ ወንዱን ከማኮላሸት ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ነገር ግን ያልተመከኑ ሴት ጥንቸሎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የማሕፀን ካንሰር በብዛት ስለሚይዛቸው ከሐኪም ጋር መመካከሩ ተገቢ ነው። ሐኪም ስትመርጡ ጥንቸል አክሞ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ፤ የላምና የጥንቸል ሕክምና አንድ አይደለም።

ግቢ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ማድረግ ይችላል። ኮንዶሚኒየም ሌላ ነገር ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በረንዳዋ ውስጥ ጥንቸል ታሳድግ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሳጥኑን ስታጥብ ውኃው በረንዳው ጠርዝ ላይ ወርዶ ታች ቤት የተሰጣ ነጭ የሀገር ልብስ ላይ ፈሰሰ። ሌላ ችግርም ነበር፤ ጥንቸል ስትፈራ በኋላ እግሯ መሬቱን ትደበድባለች፣ በሌሊት ደግሞ በጣም ትነቃለች፤ የፎቁ ወለል ለታች ቤት ከበሮ ነው። ሁለቱም በቀላሉ ይፈታሉ፤ ሳፋው መታጠቢያ ቤት ይታጠባል፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፋል። ሰዎቹ ግን የተነጋገሩት ነገሩ ኮሚቴ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ አለው። እንስሳ ከማስገባታችሁ በፊት ደንቡን አንብቡ፤ ከእናንተ በላይም በታችም ያሉትን ሰዎች አነጋግሩ።

ሕጉም ከባለቤቱ ጋር አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ሳያስበው ያመለጠው ቢሆን፣ ጉዳቱም ሊገመት የማይችል ቢሆን እንኳ። እማማ ለአንድ መደብ ጎመን ፍርድ ቤት አይሄዱም። ግን «ጥንቸሏ አምልጣ ነው» የሚለው ቃል በሕግ ፊትም በጎረቤት ፊትም ምክንያት እንደማይሆን አውቄዋለሁ።

የሰለቹትን ጥንቸል ጫካ ወይም ሜዳ ላይ መልቀቅም አለ፤ ይህ ከሁሉ የከፋ ነው። ዱር ለማታውቅ ነጭ ጥንቸል የመጀመሪያው ሌሊት የመጨረሻዋ ነው። በሕይወት ብትተርፍና ብትባዛ ደግሞ የሚከተለውን አውስትራሊያ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1859 አንድ ባለርስት ለአደን ብሎ 24 ያህል ጥንቸሎች ቪክቶሪያ ግዛት ለቀቀ፤ ልጆቻቸው የአህጉሩን ሰብልና ግጦሽ አወደሙ። ኩዊንስላንድ ውስጥ ጥንቸልን ለማዳ አድርጎ ማሳደግ እስከ ዛሬ የተከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእማማ ጋር አሁን አንድ ደንብ አለን። በየወሩ መግቢያ እኔ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ «ሽታ አለ? ዝንብ አለ? ጉድጓድ አየሽ?» አይባልም ለእሳቸው፤ «እማማ፣ የከፋዎት ነገር አለ?» እላለሁ፣ እሳቸውም ይነግሩኛል። አንዳንድ ወር ምንም የለም። አንድ ወር የልጄ ጓደኞች ጥንቸል ሊያዩ መጥተው አጥሩ ላይ ሲንጠላጠሉ ቆርቆሮው እንደጮኸባቸው ነገሩኝ። የጥንቸሎቹን ፍግ በጆንያ እወስድላቸዋለሁ፤ እንደ ዶሮ ኩስ ተክል አያቃጥልም። መጀመሪያ ላይ ለጎመኑ አልፈለጉትም፤ ለጽጌረዳው ነበር የተጠቀሙበት። አምና ለጎመኑም አደረጉት።

ልጄም ጥንቸል በጆሮዋ እንደማትነሳ፣ አንዲት እጅ ደረቷ ሥር ሌላዋ ከኋላዋ ሆና እንደምትያዝ፣ ካልተደገፈች ስትፈራገጥ የራሷን ጀርባ እንደምትሰብር ለጓደኞቿ ታስተምራለች። መሬት ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች እንጂ አታሳድዳቸውም። ዱቄት ስትፈልግ ራሷ መጥታ አገጯን የልጄ ጉልበት ላይ ታሻሻለች።

ዱቄት ዛሬ አራት ዓመቷ ነው። በደንብ የተያዘች ጥንቸል ከስምንት እስከ 12 ዓመት ትኖራለች። ለእንቁጣጣሽ ለልጃችሁ ጥንቸል ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ልጃችሁ በዚያ ጊዜ ስንት ዓመት እንደሚሆነው ቁጠሩ፤ ከዚያም ካርቶኑን ቤት ከማስገባታችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ።